የጀልባና የካያክ ውታፍ፦ አመራረጥ፣ አገጣጠምና ፍተሻ

ጀልባ ከውሃ ሲወጣ ሆዱ የያዘውን ውሃ የሚያፈስበት፣ ውሃ ላይ ሳለ በውታፍ የሚደፈነው 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ሲያዩት ትንሽ ነው። ከውሃው ወለል 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ክፍት ከቀረ ግን በደቂቃ ወደ 36 ሊትር ያስገባል፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በግማሽ ደቂቃ ጥቂት አለፍ ብሎ ይሞላል ማለት ነው። ትንንሽ ጀልባዎች ላይ የሚገጠመው የተለመደው የውሃ ማውጫ ፓምፕ ካርቶኑ ላይ በሰዓት 500 ጋሎን ይላል። ይህ በደቂቃ 31 ሊትር ገደማ ነው፤ እሱም ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ቱቦው ሳይጠማዘዝና ከፍታ ሳይወጣ። ፓምፕ ስላለ ውታፉ ቢረሳም ችግር የለም የሚለው ሂሳብ አይሠራም።

ተረስቶ የቀረ ውታፍ ግን ቢያንስ ቶሎ ይታወቃል። የሚያሰለቸው ተደፍኖም የሚያንጠባጥበው ነው። ሰው ወዲያው ሌላ ውታፍ ይገዛል፤ ያም ያንጠባጥባል። ላስቲኩ ጤነኛ ሆኖ ውሃው ውታፉ በሚቀመጥበት ቱቦ ዙሪያ፣ በብሎኖቹ ቀዳዳ ወይም፣ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ከሆነ፣ ጨርሶ ሌላ ቦታ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ ማየት ይቀድማል።

የትኛው ዓይነት አላችሁ?

የፋይበርግላስና የአሉሚኒየም ባለሞተር ጀልባዎች ቀዳዳቸው የኋላ ግድግዳው ግርጌ ላይ፣ ሞተሩ አጠገብ ነው። ልሙጥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 1 ኢንች ስፋት አለው፤ ውስጡም በቀጭን የናስ ቱቦ ተለብጧል። የሚደፈነው በሚያብጥ የላስቲክ ውታፍ ነው። በርሜል የሚመስለው ላስቲክ በሁለት ሮንዴላዎች መሃል ተቀምጦ በመሃሉ ባለፈው ብሎን ይጨመቃል። ላስቲክ ሲጨመቅ መጠኑ አይቀንስም፤ ከቁመቱ ያጣውን በወገቡ ያወጣዋል፤ ቱቦውን ሞልቶ የሚይዘውም በዚህ ነው። መጨመቂያው በጣት የሚዞር እጀታ ወይም ታጥፎ ቀጭ የሚል ምላስ ነው።

ሌላው ጥርስ ያለው ነው፤ የጋራዥ ሰዎች ታፖ የሚሉት። ባብዛኛው 1/2 ወይም 3/4 ኢንች ሆኖ ከናስ፣ ከማይዝግ ብረት ወይም ከናይለን ይሠራል።

ከደንገል የሚታሰረው የጣና ታንኳ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ሆድ ስለሌለው ውታፍም አያሻውም፤ ከጉዞ መልስ አቁሞ ማድረቅ ነው።

ካያክ ላይ አንድ ነገር መለየት ግድ ነው። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ ወለሉን ከላይ እስከ ታች የሚበሱ አሳላፊ ቀዳዳዎች አሉት። እነዚህ መቀመጫው ላይ የረጨውን ውሃ ወደ ሐይቁ ይመልሳሉ እንጂ ከቀፎው ሆድ ጋር አይገናኙም። ሆዱን የሚያደርቀው ጫፉ አጠገብ ያለው ትንሹ ታፖ ብቻ ነው። አሳላፊ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍኖ ካያኩ ሆዱ ውስጥ ውሃ ያዘብኝ የሚል ሰው የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን እያገናኘ ነው። ከዚህም በላይ ማዕበል ባለበት ቀዳዳዎቹን መድፈን ጉዳት አለው፦ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ መቀመጫው ላይ ይንሸራሸራል፣ ካያኩም ሚዛኑን ያጣል። መድፈን የሚጠቅመው ረጋ ባለ ውሃ ላይ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥና ውሃው ከታች በቀዳዳዎቹ ሲወጣበት ነው።

ልሙጡን ቀዳዳ መድፈን

መጀመሪያ ቱቦውን አጽዱ። እርጥብ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ውስጡን ዙሩት። አንዲት የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ላስቲኩና ናሱ መሃል ከገባች የፀጉር ያህል መንገድ ትከፍታለች፤ በዚያች መንገድ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባል። የቱቦው አፍ ላይ ጣት የሚቧጭር ሻካራ ነገር ካለ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ አለዚያ ላስቲኩን በየቀኑ እየላጠ ይጨርሰዋል።

ውታፉ ሳይጨመቅ ያለ ትግል ሊገባ ይገባል። በመዶሻ ጀርባ ካልመታችሁት የማይገባ ከሆነ ወይ ልኩ አይደለም፣ ወይ ቱቦው ተጨፍልቋል። ተንከራትቶ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ለመያዝ ከልክ በላይ መጨመቅ ይኖርበታል፤ ያኔ ላስቲኩ በሮንዴላው ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃል።

በእጀታ የሚዞረውን ላስቲኩ ቱቦውን እስኪነካ አዙሩና ከዚያ ግማሽ ዙር ጨምሩ። ፒንሳ አያስፈልግም። ምላስ ያለው ግን አስቀድሞ መስተካከል አለበት፦ ምላሱን ቀና አድርጋችሁ በሰዓት አቅጣጫ ስታዞሩት ይጠብቃል፣ በተቃራኒው ይላላል። ልኩ የሚታወቀው በአውራ ጣት ነው። አውራ ጣታችሁ በደንብ ተጭኖ ቀጭ ካለ ጥሩ ነው። በአንድ ጣት ጥፍር ከታጠፈ ላልቷል፤ በሁለት እጅ ካልሆነ እምቢ ካለ ግማሽ ዙር አላሉት። ከዚያ ጎተት አድርጉት። እጃችሁ ላይ ከወጣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥም ይወጣል።

ከውስጥ ወይስ ከውጭ? ሁለቱም ይሆናል። ከውጭ የተደፈነ ጀልባው ተጎታቹ ላይ እያለ በዓይን ይታያል፤ በመቀመጫ ሥር የሚንሸራተት ዕቃ ወይም እግር አይመታውም። ከውስጥ የተደፈነ ደግሞ ሐይቅ መሃል ችግር ቢፈጠር ከጀልባው ሳይወርዱ ይደረስበታል። ብቻችሁን የምትሄዱ ከሆነ ከውስጥ መድፈኑ ይሻላል፤ ምላሱ ከነዳጅ ጀሪካን መንገድ ዞር ብሎ መታጠፉን ግን እዩ።

ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ናስ ማግኔት አይስብም፣ ለጀልባ የሚሆነው የማይዝግ ብረትም አይስብም ወይም በጣም በትንሹ ነው። የመሃሉ ብሎን ማግኔቱን ጠበቅ አድርጎ ከያዘ ላዩ ብቻ የተለበጠ ተራ ብረት ነው። ዝጎ የሚበጠሰውም ስታጠብቁት፣ ግማሹ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ነው።

ጥርስ ያለው ታፖ

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። አገራችን የቧንቧ ዕቃ መደብር ውስጥ የሚገኘው ጥርስ ባብዛኛው በእንግሊዝ ልኬት፣ ቢኤስፒ በሚባለው፣ የተቆረጠ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ጀልባ ግን ኤንፒቲ ነው። በ1/2ም ሆነ በ3/4 ኢንች ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው እርስ በርስ ይገባሉ፤ ሁለት ሦስት ዙር ዞሮም የያዘ ይመስላል። ልዩነቱ የጥርሱ ማዕዘን ላይ ነው፤ አንዱ 55 ዲግሪ ሌላው 60። ውፍረታቸውም ጥቂት ይለያያል፤ የ1/2ቱ ቢኤስፒ ወደ 20.9 ሚሊሜትር ሲሆን ኤንፒቲው 21.3 ነው። ስለዚህ ጥርሶቹ ሥር ጠመዝማዛ ክፍተት ይቀራል፣ ውሃውም ያንን ተከትሎ ይዞራል። ቴፍሎን ደራርቦ መጠቅለል ለአንድ ቀን ይሸፍነው ይሆናል፤ በጉልበት ማጥበቅ ግን የጀልባውን ጥርስ ይበላዋል።

ልኩ ትክክል ከሆነ ቴፍሎኑ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃዋል። የታፖውን አፍ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ በሰዓት አቅጣጫ ጠቅልሉ፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ታፖው ሲገባ ይተለተላል። በእጅ እስኪጠብቅ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር። በየቀኑ የሚፈታ ታፖ ከሆነ ቴፍሎኑን ተዉትና የላስቲክ ሮንዴላ ወይም ኦሪንግ (ክብ የጎማ ቀለበት) ያለውን ፈልጉ። ጥርስ እንዳይዛባ ታፖውን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ትንሽ ጠብ ሲል ይሰማችኋል፤ ከዚያ ወደፊት።

የአሉሚኒየም ጀልባ ላይ የናስ ታፖ በጨው ውሃ አታስገቡ። ሁለቱ ብረቶች በጨው ውሃ ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ናይለን ይሻላል። በጣናና በሐዋሳ ውሃ ጉዳቱ ቀስ ያለ ቢሆንም ናይለኑ እዚያም አይከፋም። ናሱ ራሱ በጨው ውሃ ቆይቶ ቢጫነቱ ወደ ሮዝ ከዞረ ዚንኩ አልቋል፤ በካቻቪቴ ጫፍ ስትፍቁት ይፈረፈራል። ይጣል።

ካያክ፦ ሙቀት፣ ከፍታና የታፈነ አየር

ካያክ ላይ ታፖው ራሱ ቀላል ነው፤ ኦሪንጉን ጠርጎ በጣት ማጥበቅ። ፕላስቲክ ስለሆነ መፍቻ ከነካው ጥርሱ ይበላል። አስቸጋሪው የታሸገው አየር ነው።

ቀኑን ፀሐይ ላይ የዋለ ካያክ ውስጡ 50 ዲግሪ ደርሶ 22 ዲግሪ ውሃ ላይ ቢወርድ አየሩ ቀዝቅዞ ግፊቱ በ9 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቀፎው ካልተጨማደደ በስተቀር ይህ በሐዋሳ ከፍታ ከ70 ሴንቲሜትር ጥልቀት የውሃ ግፊት ጋር እኩል ነው፤ ታፖው ግን በእውነት ያለው ከውሃው ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ቆሞ ሳለ ጠብታ የማያስገባ ኦሪንግ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ውሃ የሚምገው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሲላንት (ክፍተት የሚዘጋ ማጣበቂያ) አይደለም፦ ታፖውን ከፍታችሁ ካያኩን ጥላ ሥር ወይም ውሃው ዳር አቀዝቅዙት፣ ልትወጡ ስትሉ ዝጉት። አንዳንድ የባሕር ካያኮች የውስጥ ግድግዳቸው ላይ ከመርፌ የማይሰፋ ቀዳዳ ያላቸው አየሩ እንዲመጣጠን ነው፤ ቀዳዳ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትደፍኑት።

ከፍታም እንዲሁ ነው። በባሕር ወለል ተዘግቶ አዲስ አበባ የደረሰ ካያክ ውጭ ያለው አየር ሩብ ያህል ስለቀነሰ ሆዱ ይነፋል፤ የዕቃ ክዳኑ ሊፈናጠር ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ጫሞ ሲወርድ ደግሞ ተጨምቆ ሆዱ ይሰረጉዳል። መኪና ላይ ሲጫን ታፖውም ክዳኑም ክፍት ይሁን፤ ታፖው ግን በገመድ ይታሰር።

ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ ከሙሉ ቀን በኋላ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቢያወጣ አትጨነቁ። ሊትሮች ካወጣ ፍተሻውን በዚህ ተራ አድርጉ፦ የዕቃ ክዳኖቹ፣ የመያዣዎቹ ሪቬቶች፣ ከዚያ አሳላፊ ቀዳዳዎቹ ቀፎውን የሚነኩበት ጥግ፣ መጨረሻ ላይ ታፖው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። በአሳላፊ ቀዳዳዎቹ ሁለት ዘንግ ሰክቶ በሚገፋ ጋሪ የሚጓዝ ካያክ ከሆነ ግን ከእነሱ ጀምሩ፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በጣም የተለመደው የካያክ ፕላስቲክ፣ ፖሊኤቲሊን፣ ሙጫ አይዝም ማለት ይቻላል። ዙሪያውን ሲሊኮን ብትቀቡት ሲደርቅ እንደ ቆዳ ተልጦ ይነሳል። ውሃ የሚያቆመው የሚጨመቅ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ከታፖው መቀመጫ ሥር የ3 ሚሊሜትር ኒዮፕሪን ጎማ ቁረጡና በብሎን ጭመቁት። እጅ ወደ ውስጥ የማይደርስ ከሆነ በጎማ የተሸፈነ፣ ሲጠብቅ ከኋላ የሚያብጥ ዳዶ አለ፤ እሱ ራሱ ቀዳዳውን ይዘጋል።

ፍተሻ በሶፍት

ጀልባውን ተጎታቹ ላይ አፍንጫውን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ከኋላ 20 ሊትር ውሃ ጨምሩ። ውጭውን በጨርቅ ድርቅ አድርጋችሁ ጥረጉ። ከዚያ ደረቅ ሶፍት ቀድዳችሁ አንዱን ውታፉ መሃል፣ አንዱን ቱቦው ግድግዳውን በሚነካበት ዙሪያ፣ አንዳንድ ደግሞ እያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ ለጥፉ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳያል፦ መሃሉ ከጠቆረ ችግሩ ውታፉ ነው፤ ዙሪያው ከጠቆረ የቱቦው መቀመጫ፤ የብሎን ራስ ላይ ያለው ብቻ ከጠቆረ ውሃው የኋላ ግድግዳው መሃል ባለው እንጨት ውስጥ እየተጓዘ ነው፣ ያ ከሁሉ የከፋው ነው።

ለካያክ 10 ሊትር ውስጡ ጨምራችሁ ዝጉትና ለሁለት ሆናችሁ በየጎኑ ገልብጡት። የአረፋ ፍተሻም ይሠራል፦ የሳሙና ውሃ ቀብታችሁ በታፖው ቀዳዳ በትንሽ ቱቦ በአፍ ንፉ። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር አታስጠጉ፤ ቀፎውን ይቀደዋል።

መቀመጫው ሲያፈስ

የፋይበርግላስ ጀልባ የኋላ ግድግዳ ብዙ ጊዜ መሃሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ቱቦው ዙሪያ የገባ ውሃ አይፈስም፤ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ሞተሩ የተንጠለጠለው ደግሞ በዚሁ እንጨት ላይ ነው። ስለዚህ ከላይ ሲላንት ቀብቶ መሸፋፈን ችግሩን መቆለፍ ነው።

ቱቦውን ወይም የታፖውን መቀመጫ ፍቱ። የቱቦው ጫፍ ወደ ውጭ ተቀልብሶ ስለሆነ የተያዘው ቅልባሹን በሞረድ አጥፍታችሁ ከሌላው ወገን ግፉት። ካቻቪቴ አስገብታችሁ እንጨቱን ውጉ። ጠንካራና ፈካ ያለ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና እንደ እርጥብ ዳቦ የሚሰምጥ ከሆነ ውታፍ ላይ መሥራት አቁሙና ጀልባውን ለጠጋኝ አሳዩ። እርጥብ ብቻ ከሆነ ክፍቱን ጥላ ሥር ለሳምንታት ይድረቅ። ደርቆ ሲያበቃ የቀዳዳውን የእንጨት ጠርዝ፣ የብሎኖቹንም ቀዳዳ ጭምር፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ ቀቡ።

ሲላንቱ የጀልባ ፖሊዩረቴን ይሁን። ተራ ሲሊኮን የሚተወው ቅባት ኋላ ቀለምም ሆነ ሌላ ሲላንት እንዳይዝ ያደርጋል። መቀመጫው ሥር ሳይቋረጥ አንድ ዙር፣ እያንዳንዱ ብሎን ዙሪያም አንድ ቀለበት ጨምሩ። ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ በዙሪያው እኩል ብቅ ሲል አቁሙ። ከዚያ አልፋችሁ እስከ መጨረሻው ከጨመቃችሁት ሲላንቱ ሁሉ ወጥቶ ብረትና ፋይበርግላስ ባዶ ለባዶ ይነካካሉ። ሙሉ ለሙሉ ለመድረቅ አንድ ሳምንት ስጡት።

ላስቲኩን የሚገድለው

ቫዝሊን። እያንዳንዱ ቤት ስላለ ኦሪንግ ላይ ይቀባል፤ የነዳጅ ዘር ስለሆነ ግን ብዙ ዓይነት ጎማ ሲነካው ያብጣል፣ ይልማል። የሲሊኮን ግሪስ ተጠቀሙ፤ የሽንብራ ፍሬ ያህል ለአንድ ኦሪንግ ይበቃል፣ እንደ ላብ ያብለጭልጨው እንጂ አይወፍር። የደጋ ፀሐይም ላስቲክ ይሰነጥቃል፤ ስታጥፉት ጀርባው ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ ጊዜው አልፏል። ኦሪንግ ክብ ሆኖ ሳለ አንድ ጎኑ ከተዳመጠ ተመልሶ አያብጥም። የሚያብጠውን ውታፍ ተጨምቆ አታሳድሩት።

ውሃ መሃል ቢወጣ

መጀመሪያ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይለበስ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ይለፍ፤ የኋላው ክብደት ሲቀንስ ቀዳዳው ከፍ ይላል፣ የሚገባውም ውሃ ይቀንሳል። እየበረራችሁ ከሆነ ለማየት ብላችሁ አትቁሙ፤ ጀልባው ሲቆም ኋላው ይሰምጣል። በፍጥነቱ ወደ ቅርቡ ዳር ይዛችሁ ሂዱ።

ከኋላ ግድግዳው አጠገብ ጫፉ 15 ኋላው 40 ሚሊሜትር የሆነ የጽድ ወይም የሌላ ለስላሳ እንጨት ሽብልቅ በሲባጎ አንጠልጥሉ። ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከገባ ያቆማል፤ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣም ይጠብቃል። ዋናውን ውታፍ ደግሞ መርሳት እንዳይቻል ከሞተሩ ማጥፊያ ገመድ ጋር እሰሩት፦ ገመዱን ለመሰካት ስታነሱት ውታፉ እጃችሁ ላይ ይመጣል።

ስትወጡና ስታዝዙ

ከውሃ እንደወጣችሁ ውታፉን አውጥታችሁ እዚያው ሐይቁ ዳር አድርቁ። ጣና ላይ ይህ ከጀልባው ጤና ያለፈ ነገር ነው፤ ሆዱ ውስጥ በቀረ ውሃ የእምቦጭ ፍሬና ቁራጭ ወደ ሌላ ሐይቅ ይጓዛል። ሚኒሶታ ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ ጀልባ በመንገድ ሲጓጓዝ ውታፉ እንዲወጣ ሕጉ ያስገድዳል።

ዕቃውን አሜሪካ ባለ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ “የጀልባ ውታፍ” ብላችሁ አትላኩ። የቀዳዳውን ስፋት በሚሊሜትር፣ የቱቦውን ርዝመት፣ ጥርስ ካለው በ25.4 ሚሊሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለና የውጭ ውፍረቱን ጻፉ፤ አሮጌውንም ከማስመሪያ ጎን አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ሁለት ውታፍና አራት ኦሪንግ እዘዙ።